ባሩድና መድፍ፤ የአንድ ጨው ረጅም ጉዞ

ባሩድን ማን ፈለሰፈው? የመጀመሪያውን መድፍስ ማን ሠራው? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተነሳ ምሁራን ለረጅም ዘመን ሲሟገቱ ኖረዋል። እንግሊዞች ሮጀር ቤከን የተባለውን መነኩሴ፣ ጀርመኖች በርቶልድ ሽቫርትስ የሚባል ሌላ መነኩሴ የየራሳቸው ባለ ፈጠራ አድርገው ያቀርቡ ነበር፤ ለህንድም ለዐረቦችም ጠበቃ የቆመ አልጠፋም። አሁን ነገሩ ተቋጭቷል ማለት ይቻላል። ባሩድ የቻይና ነው። ሽቫርትስ በእርግጥ የኖረ ሰው መሆኑን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም፤ ቤከንም በ1260ዎቹ የጻፈው በልዩ ልዩ አገር ልጆች ስለሚጫወቱበት የሚፈነዳ ነገር ነው እንጂ እኔ ሠራሁት አላለም። (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባለቤትነቱ ክርክር ሲያበቃ ግን ከእርሱ የከበዱ ጥያቄዎች ብቅ አሉ። የባሩድ ነገር ከተጻፈ በኋላ ግንብ እስኪንድ ድረስ ለምን ወደ አምስት መቶ ዓመት ፈጀ? ምንጩ ቻይና ሆኖ ሳለ ግዙፎቹ መድፎች ለምን በአውሮፓና በኦቶማን አገር ተሠሩ? በዚህ ጉዳይ የተጻፉትን ዋና ዋና ሥራዎች ሳገላብጥ የጸናብኝ ሐሳብ አንድ ነው። ቀመሩን ማወቅ ከነገሩ ሁሉ ቀላሉ ነበር። የሚከብደው ከሦስቱ ቅመሞች አንዱን፣ ማለትም ጨዉን፣ በብዛትና በጥራት ማግኘት፣ ቀጥሎም ያን ኃይል የሚችል ብረት ወይም ነሐስ ማበጀት ነበር። ይህን ያደረጉት ደግሞ አብዛኞቹ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ባለ እጆች ናቸው።

ጨዉ

ባሩድ ከከሰል፣ ከድኝና ፖታሲየም ናይትሬት ከሚባል ጨው ይዘጋጃል። ይህን ሦስተኛውን ለአነጋገር እንዲቀለን የባሩድ ጨው እንበለው። ከሰሉ የሚነደው ነገር ነው። ድኙ ቶሎ ተቀጣጥሎ ሌላውን ያቀጣጥላል። ጨዉ ሲግል ኦክስጅን ይለቃል፤ ስለዚህ ባሩድ የውጭ አየር ሳይጠብቅ በተደፈነ ቧንቧ ውስጥም ይነዳል፤ በቅጽበት ተለውጦም ብዙ ትኩስ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ መውጫ ፈልጎ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ ወይም አረር ይገፋል። መውጫ ካጣ የያዘውን ዕቃ ይሰነጥቃል። መድፍም ቦምብም በዚህ ይሠራሉ። በኋላ ዘመን የጸናው ምጣኔ 75 እጅ ጨው፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ገደማ ነው። ከአራት እጅ ሦስቱ ጨው ነው ማለት ነው።

ከሰል የትም ይከሰላል። ድኝ እሳተ ገሞራ ባለበት አገር ይገኛል፤ በሌለበትም በንግድ ይመጣል። ጨዉ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ፍግና ሽንት በበሰበሰበት መሬት፣ በአሮጌ በረት ወለልና እርጥበት በሚይዝ ግድግዳ ሥር፣ ዓይን የማይያቸው ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ አፈሩ ላይም ነጭ ነገር ያቆጠቁጣል። ያ ነጭ ነገር እንዳለ ለባሩድ አይሆንም። ከሌሎች ጨዎች ጋር የተደባለቀ፣ ከአየር እርጥበት እየሳበ የሚርስ ነው። አፈሩን በውሃ አጥቦ፣ ውሃውን ከእንጨት አመድ ጋር አዋህዶ፣ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ አቀዝቅዞ ጨዉ እንዲረጋ ማድረግ ያስፈልጋል። አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ነው የማይፈለገውን ካልሲየም የሚያስወጣው። ይህን ሥራ ደጋግሞ ያላጠራ ሰው ቀመሩን በቃሉ ቢያውቅም በእጁ የሚገባው የሚያጨስና የሚንተከተክ ዱቄት ብቻ ነው።

የኮሪያው የቾ ሙሶን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የጃፓን የባሕር ወንበዴዎች የኮሪያን ጠረፍ ሲያስጨንቁ ኮሪያውያን ባሩድን ያውቁት ነበር፤ ከቻይናም ያገኙ ነበር። ያጡት የጨዉን አወጣጥ ነው። ቾ ሙሶን ከአንድ ቻይናዊ ነጋዴ ጥበቡን ተማረ፤ በ1377 መንግሥት የባሩድና የመሣሪያ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ በ1380 ደግሞ በጂንፖ ወደብ የወንበዴዎቹን መርከቦች በእሳት ፈጇቸው። ከነጋዴው የተገኘው ትምህርት አመድንና አፈርን የሚመለከት ነበር።

ከቀርከሃ ወደ ነሐስ

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ያሉት በቻይና የአልኬሚ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ዕድሜ የሚያረዝም መድኃኒት የሚፈልጉ የዳኦ ሊቃውንት ጨዉንና ድኙን ለብዙ ዘመን ሲያዋህዱ ኖረዋል። በ9ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ድኝ፣ ጨውና ማር አብረው ያሞቁ ሰዎች እጃቸውና ፊታቸው እንደተቃጠለ፣ ቤታቸውም እንደነደደ ገልጾ ይህ እንዳይደረግ ያስጠነቅቃል። ማሩ ሲቃጠል ከሰል ስለሚሆን ሦስቱም ቅመሞች ተሟልተዋል። ይህን ታሪክ የሚተርክ ሁሉ የሕይወት መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሞት መሣሪያ መምራቱን አንስቶ ይገረማል። እኔን የሚገርመኝ የማስጠንቀቂያው መኖር ነው። አደጋው ተደጋግሞ የደረሰና በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ መሆኑን ያሳያል፤ ባሩድ በአንድ ጠዋት በአንድ ሰው እጅ የተወለደ ነገር አለመሆኑንም እንዲሁ።

በ1044 የሶንግ ሥርወ መንግሥት ባለሥልጣናት ዉጂንግ ዞንግያኦ የተባለውን ትልቅ የጦር መጽሐፍ አዘጋጁ። በውስጡ ሦስት የባሩድ ቀመሮች ከነሚዛናቸው ሰፍረዋል፤ ለጦርነት ባሩድ የተጻፉ ከዚህ የቀደሙ ቀመሮች አልተገኙም። የጨዉ ድርሻ ግን ገና ትንሽ ነው። እንዲህ ያለው ባሩድ ይነዳል፣ ያጨሳል፣ ይመርዛል እንጂ ብረት አይሰነጥቅም። በመወንጨፊያ ተወርውሮ የጠላትን ድንኳንና የእንጨት ማማ ማቃጠል ነበር ሥራው። ቀጣዮቹን ሁለት መቶ ዓመታት በአንድ ዓረፍተ ነገር ብጠቀልላቸው፣ የጨዉ ድርሻ እየጨመረ፣ የሚይዘው ዕቃ እየጠነከረ ሄደ እላለሁ።

የዕቃው ለውጥ ደረጃ በደረጃ ይታያል። በዱንሁዋንግ ዋሻዎች የተገኘና ዛሬ ፓሪስ በጊሜ ሙዚየም ያለ የ10ኛው መቶ ዓመት የሐር ሥዕል አለ። ቡድሃን ከሚያጠቁት አጋንንት አንዱ ጫፉ ላይ እሳት የሚተፋ ቧንቧ ያለው እንጨት ይዟል። ይህ «የእሳት ጦር» የሚባለው መሣሪያ ነው። በጦር ሜዳ ስለመዋሉ የሚታወቀው በ1132 ነው፤ የደአን ከተማ ስትከበብ አዛዡ ቸን ጉዊ ባሩድ በሞሉ ረጃጅም ቀርከሃዎች የጠላትን የከበባ ማማዎች አቃጠለ። ቆይቶ ከባሩዱ ጋር የብረት ስብርባሪና የሸክላ ቁራጭ ይጨምሩበት ጀመር። በ1259 ደግሞ ከቀርከሃ ውስጥ እንደ ጥይት ያለ ነገር የሚያስወነጭፍ መሣሪያ ተመዘገበ። ቀርከሃው ብዙ ተኩስ አይችልም። በብረትና በነሐስ ሲተካ መድፍ ሆነ።

ቦምቡም በበኩሉ አድጓል። ሞንጎሎች በ1232 የጂን መንግሥት መናገሻ የነበረችውን ካይፈንግን ሲከቡ ወታደሮቻቸው በበሬ ቆዳ በተሸፈነ መጠለያ ሥር ተጠግተው ከቅጥሩ ግርጌ ይቆፍሩ ነበር። ከላይ ያሉት መከላከያዎች በባሩድ የተሞላ የብረት ማሰሮ በሰንሰለት እያወረዱ ለኮሱባቸው። የዘመኑ ታሪክ ሰውም ቆዳም ምልክት ሳይተርፍ እንደጠፋ ይናገራል። ወፍራም ብረት ለመሰንጠቅ የበቃ ባሩድ ጨዉ በደንብ የጠራና ድርሻውም ከፍ ያለ መሆን አለበት። ስለዚህ ጽሑፎቹ ሚዛኑን ባይነግሩንም የፈነዳው ብረት ይነግረናል።

በ1280 በያንግዡ የሆነውም ሊዘለል አይገባም። ሞንጎሎች ደቡብ ቻይናን ከያዙ በኋላ በከተማዋ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ይሠሩ የነበሩትን የደቡብ ባለሙያዎች አባርረው የሰሜን ሰዎች ተኩ። አዲሶቹ ድኝ ሲወቅጡ እሳት ተነሳ፤ እሳቱ ወደ ተከመሩት የእሳት ጦሮች፣ ከዚያም ወደ ቦምቡ መጋዘን ዘለቀ። መቶ ያህል ጠባቂዎች አለቁ፤ የቤቱ ምሰሶና ወራጅ እጅግ ርቆ ተወረወረ። አንድ የሙያ ጥበብ ከባለቤቱ ተነጥሎ በትእዛዝ ብቻ ሊተላለፍ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላነበብኩም።

በ1970 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በሄይሎንግጂያንግ ግዛት፣ አንዲት ትንሽ የነሐስ መሣሪያ ከመሬት ወጣች። ርዝመቷ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 3 ኪሎ ተኩል ነው። ሦስት ክፍል አላት። ከፊት ቀጥ ያለ አፈ ሙዝ፤ መካከል ላይ ባሩዱ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ግድግዳው ሆን ተብሎ ወፍሮ ያበጠ፣ በጎኑ የመለኮሻ ቀዳዳ ያለው፤ ከኋላ ደግሞ የእንጨት እጀታ የሚገባበት ክፍት ጉሮሮ። ተመራማሪዎች በአካባቢው በ1287 እና 1288 ከተደረገ ውጊያ ጋር ያያይዟታል። መሃሏ ላይ ያለውን እብጠት ልብ በሉት። ሠሪው ግፊቱ የሚበረታው የት ላይ እንደሆነ ያውቃል፤ ነሐሱንም ያበዛው እዚያው ላይ ነው። ይህን ዕውቀት ያገኘው ቀደም ሲል በፈነዱ መሣሪያዎች መሆን አለበት። የተሠራበት ዓመት በላዩ የተቀረጸበት ሌላ የቻይና መሣሪያም አለ፤ ዓመቱ 1298 ነው።

ወደ ምዕራብ

ባሩድ ወደ ምዕራብ የሄደበት መንገድ በሞንጎሎች ግዛት በኩል ነው ቢባል ብዙ ተቃዋሚ የለም። ግዛቱ ከቻይና እስከ ጥቁር ባሕር የተዘረጋ ነበር፤ ነጋዴም መነኩሴም የእጅ ባለሙያም ይመላለስበት ነበር። ሞንጎሎች ራሳቸው በ1241 በሃንጋሪ ባሩድ ተኩሰዋል የሚለው ግን በቂ ድጋፍ ያለው አይመስለኝም። በዐረቡ ዓለም መረጃው ጠንከር ያለ ነው። በ1248 ደማስቆ ያረፈው የዕፅዋትና የመድኃኒት ሊቅ ኢብን አል በይጣር ጨዉን «የቻይና በረዶ» በሚል ስም ያውቀዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አካባቢ የሶርያው ሐሰን አል ረማህ በአመድ የማጣራቱን ሥራ አንድ በአንድ ጻፈ፤ ከመቶ በላይ ቀመሮችንም ሰበሰበ። የእርሱ መጽሐፍ ከአውሮፓ መጻሕፍት ይልቅ ያስደንቀኛል፤ ምክንያቱም ከመደነቅ አልፎ ሥራውን ያስተምራል።

አውሮፓ ላይ መድፍ ድንገት ነው ብቅ የሚለው። በየካቲት 1326 የፍሎረንስ ከተማ ምክር ቤት ለመከላከያ የሚሆኑ የብረት ጥይቶችና የነሐስ መድፎች የሚያሠሩ ሰዎችን ሾመ። በዚያው ዘመን ዋልተር ደ ሚለሜት ለወጣቱ የእንግሊዝ ንጉሥ ለኤድዋርድ ሦስተኛ ባዘጋጀው መጽሐፍ ላይ ሥዕል ይታያል። ሆዱ የሰፋ አንገቱ የጠበበ፣ የአበባ ማስቀመጫ የመሰለ ዕቃ በእንጨት መቆሚያ ላይ ተጋድሟል፤ ከአፉ ትልቅ ፍላጻ ወጥቶ ወደ ግንብ በር ያነጣጥራል፤ ጥሩር የለበሰ ወታደርም በረጅም ዘንግ ጫፍ እሳት ይዞ ቀዳዳውን ይለኩሳል። መጽሐፉ ስለ መሣሪያው አንዲት ቃል አይጽፍም። በስዊድን ሎሹልት የተገኘው 30 ሳንቲ ሜትር የሚያህል የነሐስ መድፍ ቅርጹ ከዚህ ሥዕል ጋር ስለሚቀራረብ ሠዓሊው ከልቡ ፈጥሮ እንዳልሳለው እናምናለን።

እነዚህ ትንንሽ መድፎች ግንብ አይነኩም ነበር። በ1346 በክሬሲ ጦርነት እንግሊዞች መድፍ ይዘው ነበር፤ ውጊያውን የወሰነው ግን ቀስተኛው ነው። ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1370ዎቹ ሲሆን የቡርጎንዲው መስፍን ፊሊፕ በ1377 የኦድሩይክን ምሽግ ሲከብ የድንጋይ አረሮቹ ግድግዳውን በሱት።

ለዚህ ለውጥ ሁለት የእጅ ሥራዎች ምክንያት ሆነዋል። አንዱ የደወል ሥራ ነው። በአውሮፓ ከተሞች የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚያፈስሱ ባለሙያዎች ነበሩ፤ መዳብና ቆርቆሮ አቅልጦ በአንድ ጊዜ ትልቅ ነሐስ ማፍሰስን በደንብ ያውቁታል። ሁለተኛው የባሩዱ አዘገጃጀት ነው። ደቅቆ የተደባለቀ ባሩድ በመንገድ ሲንገጫገጭ ከባዱና ቀላሉ ይለያያል፤ ሲጠቀጠቅም እሳቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያጣል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን ባሩዱን በፈሳሽ አርሰው፣ ለውሰው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ፈርክሰው በወንፊት መንፋት ጀመሩ። ከዱቄት ወደ ቅንጬ እንደመሄድ ነው፤ በፍሬዎቹ መካከል እሳቱ በአንድ ጊዜ ይሮጣል። ኃይሉ እጅግ ጨመረ፤ እርጥበትንም ይበልጥ ቻለ። ስለ ባሩድ በሚጻፉ አጫጭር ታሪኮች ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ተዘሎ ይታለፋል፤ ለእኔ ግን ከቀመሩ መገኘት የሚያንስ አይደለም።

ግንብ የናዱት

ከዚያ ግዙፎቹ መጡ። በኤዲንብራ ቤተ መንግሥት የሚታየው ሞንስ ሜግ በ1449 ለኋለኛው፣ በስም ብቻ ከቀድሞው ጋር ለሚገናኘው የቡርጎንዲ መስፍን ለፊሊፕ የተሠራ ሲሆን በ1457 ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለጄምስ ሁለተኛ ተሰጠ። አፈ ሙዙ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ነሐስ አይደለም። ረጃጅም የብረት ዘንጎች ክብ ሠርተው ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በላያቸው የጋሉ የብረት ቀለበቶች ተጠልቀውባቸው፣ ቀለበቶቹ ሲቀዘቅዙና ሲኮማተሩ ዘንጎቹን አጥብቀው ይዘዋቸዋል። እንዲህ ያለ ሥራ አንዲት የላላች መጋጠሚያ ካለችው ጋዙ በዚያች ይወጣል። ጄምስ ራሱ የሞተው በ1460 የሮክስበርግን ምሽግ ሲከብ አጠገቡ የነበረ መድፍ ፈንድቶ ነው። ንጉሡ እንዲህ ከሞተ ስንት ተኳሽ እንዲሁ እንዳለቀ መገመት አያዳግትም።

የ1453 የቁስጥንጥንያ መውደቅ የዚህ ታሪክ ጫፍ ሆኖ ይተረካል፤ ይገባዋልም። ኦርባን የተባለ ሃንጋሪያዊ መድፍ ሠሪ መጀመሪያ አገልግሎቱን ያቀረበው ለቢዛንታይኑ ንጉሥ ለቆስጠንጢኖስ አሥራ አንደኛ ነበር። ንጉሡ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። ኦርባን ወደ ወጣቱ ሱልጣን ወደ መሐመድ ሁለተኛ ሄደ፤ ሱልጣኑም የጠየቀውንና ከዚያ በላይ ሰጠው። በኤዲርኔ የፈሰሰው የነሐስ መድፍ ርዝመቱ 8 ሜትር ያህል ነበር፤ ከ500 ኪሎ በላይ የሚመዝን ድንጋይ ይወረውራል። 60 በሬዎችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መንገድ እየጠረጉ፣ ድልድይ እያጠናከሩ ወደ ከተማዋ አደረሱት። በቀን ሰባት ጊዜ ያህል ብቻ ይተኩስ ነበር፤ እየጋለ ስለሚሰነጣጠቅ ማቀዝቀዝ የግድ ነው። በሁለቱ ተኩሶች መካከል፣ በተለይም ሌሊት፣ የከተማዋ ሰዎች የፈረሰውን በእንጨት፣ በፍርስራሽና አፈር በሞላ በርሜል ይደፍኑታል። ከበባው 53 ቀን የፈጀው ለዚህ ነው። ግዙፉ መድፍ ብቻውን ከተማዋን ጣለ የሚለው አባባል አያሳምነኝም፤ በዙሪያው ብዙ አነስተኛ መድፎች፣ ብዙ ሠራዊትና መርከቦች ነበሩ። ነገር ግን ከሺህ ዓመት በላይ የጸናው የቴዎዶስዮስ ቅጥር በነሐስና በባሩድ መሰበሩን ማንም አይክድም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በካስቲዮን የፈረንሳይ መድፈኞች፣ በዣን ቢዩሮ መሪነት፣ የእንግሊዙን ጦር ደምስሰው የመቶ ዓመቱን ጦርነት ቋጩ። የቢዩሮ መድፎች እንደ ኦርባን ግዙፍ አልነበሩም። የወደፊቱ መንገድም በእነርሱ በኩል ነበር። በ1494 የፈረንሳዩ ቻርልስ ስምንተኛ ጣሊያን ሲገባ ያስከተላቸው የነሐስ መድፎች በፈረስ የሚጎተቱ፣ የብረት አረር የሚተኩሱ፣ ከጎንና ጎናቸው በወጡ ጉጦች ላይ ተሰክተው ከፍና ዝቅ የሚሉ ነበሩ። እንደሚተረከው ሞንቴ ሳን ጆቫኒ የተባለው ምሽግ ከዚያ በፊት ለዓመታት ከበባን ተቋቁሞ ነበር፤ ለፈረንሳዮቹ መድፍ ግን ስምንት ሰዓት ብቻ ቆየ።

ጣሊያኖች ብዙም ሳይቆዩ መልስ አገኙ። ረጅሙንና ቀጭኑን ግንብ ትተው አጭር፣ ወፍራም፣ በአፈር የተሞላ፣ ማዕዘኑ እንደ ቀስት ጫፍ የወጣ ምሽግ መሥራት ጀመሩ። አረሩ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከማዕዘኖቹም የሚተኮሰው መድፍ አጥቂውን ከጎን ይመታዋል።

ክርክሩ

ታዲያ ለምን አውሮፓ? እዚህ ላይ ምሁራን ይለያያሉ። ጆሴፍ ኒደም በ1986 ባሳተመው ትልቅ ጥናት ከቀርከሃ ቧንቧ እስከ ነሐስ መድፍ ያለው ሰንሰለት በሙሉ በቻይና እንዳለ አረጋግጧል፤ ከእርሱ በኋላ የባለቤትነት ክርክር ብዙ ጉልበት አላገኘም። ማይክል ሮበርትስ በ1955 ያቀረበው ሐሳብ አዲሱ የውጊያ ስልትና ትልቁ ሠራዊት አውሮፓን ወደ ዘመናዊ መንግሥት ገፋት የሚል ነው፤ ጄፍሪ ፓርከር ደግሞ በ1988 የአዲሱን ምሽግ ድርሻ አጎላ። ኬኔት ቼዝ በ2003 ሌላ ማብራሪያ አመጣ። ቻይናና የመካከለኛው ምሥራቅ መንግሥታት ዋና ጠላታቸው በፈረስ የሚበር ዘላን ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚጎረስ መሣሪያ ለእንዲህ ያለ ጠላት አይሆንም፤ ምዕራብ አውሮፓ ግን ከዘላኑ ርቃ በግንብና በእግረኛ ትዋጋ ነበር ይላል። ቶኒዮ አንድራዴ በ2016 የጨመረው ለእኔ ይበልጥ ያሳምናል። የቻይና የከተማ ቅጥሮች የተጠቀጠቀ አፈር ናቸው፤ የሺያን ቅጥር ግርጌው ላይ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወፍራል። በዚያ ላይ የድንጋይ አረር መወርወር ድካም ብቻ ነው። የአውሮፓ ግንቦች ግን ረጃጅምና በአንጻሩ ቀጫጭን የድንጋይ ሥራዎች ነበሩ። ትልቅ መድፍ ለመሥራት የሚያጓጓ ግንብ የነበረው አውሮፓ ውስጥ ነው። የሚንግን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ንጉሥ በ1380 ከመቶ ወታደር አሥሩ ጠመንጃ እንዲይዝ አዝዞ ስለነበር ቻይና ባሩድን ለርችት ብቻ አዋለችው የሚለው የቆየ ተረት ይቅር ቢባል ደስ ይለኛል።

የማምሉክ ግብፅን በተመለከተ ዴቪድ አያሎን በ1956 የጻፈው ረጅም ዘመን ገዝቷል። ፈረሰኛው መኳንንት ክብሩን ስለሚነካበት ጠመንጃ ጠላ፤ ስለዚህ በ1516 እና 1517 በኦቶማን ተሸነፈ ይላል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ማምሉኮች መድፍ ያሠሩና ይተኩሱ እንደነበር አሳይተው ሐሳቡን አለዝበውታል።

በእነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው። የጨዉን ነገር በአንድ ምዕራፍ ጠቅሰው ያልፋሉ፤ መንግሥታቱ ግን በየቀኑ ይጨነቁበት ነበር። በእንግሊዝ የጨው ቆፋሪዎች በንጉሥ ፈቃድ የሰው በረትና ርግብ ቤት ወለል እየገለበጡ አፈር ይወስዱ ነበር፤ ሕዝቡም አጥብቆ ይጠላቸው ነበር። በ1626 ቻርልስ አንደኛ ተገዢዎቹ የሰውና የከብት ሽንት እንዲያጠራቅሙ አወጀ። ይህ ጭንቀት የቀለለው ከህንድ፣ በተለይም ከቢሃር፣ ጨው በመርከብ ሲመጣ ነው። ፈረንሳይም በ1775 የባሩድ አስተዳደሯን ለኬሚስቱ ለላቩዋዚዬ አደራ ሰጠች።

በእኛ አገር

ባሩድ ኢትዮጵያ የደረሰው በቀይ ባሕር በኩል ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት ጠመንጃና ጥቂት መድፍ ነበረው፤ በ1531 በአንጾኪያ ውጊያ የመድፉ ድምፅ የንጉሡን ጦር እንዳስደነገጠ ይነገራል። በ1541 ክሪስቶቫው ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋላውያን ይዞ ምፅዋ ወረደ። ኢማሙ በየመን ከነበረው የኦቶማን ገዥ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮችና መድፎች አስመጥቶ በነሐሴ 1542 በወፍላ አሸነፈው፤ ዳ ጋማም ተያዘና ተገደለ። ከድሉ በኋላ ኢማሙ አብዛኞቹን የውጭ ወታደሮች አሰናበተ፤ በየካቲት 1543 በወይና ደጋ በዐፄ ገላውዴዎስና በተረፉት ፖርቱጋላውያን ጦር ፊት ወደቀ። የሁለቱም ወገን ኃይል ከባሕር ማዶ በሚመጣ መሣሪያና ተኳሽ ላይ የቆመ ነበር። በአገር ውስጥ ባሩድ አይሠራም ነበር ማለት ግን አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡ ተጓዦች ከአገሩ ድኝ፣ ከሰልና ጨው የሚዘጋጅ ባሩድ አይተው ጽፈዋል።

መድፍን እዚሁ ለማፍሰስ ቆርጠው የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ አውሮፓውያን የሚሲዮን ባለ እጆችንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አሰማርተው፣ ከከሸፉ ሙከራዎች በኋላ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አስፈሰሱ። ክብደቱ የሞንስ ሜግን ያህል ነው። ወደ መቅደላ ለማድረስ ሠራዊቱ ለወራት ገደል እየቆረጠ መንገድ አወጣ፤ ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። የሥራው ጽናት ኦርባን በኤዲርኔ መንገድ ካደረገው አያንስም፤ ሱልጣኑ ግን በሬም፣ ሜዳም፣ ገንዘብም ነበረው።

በሚያዝያ 1868 በቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሮበርት ናፒየር በዝሆን አስጭኖ ያመጣቸው አርምስትሮንግ መድፎችና የወታደሮቹ ስናይደር ጠመንጃዎች ከኋላ የሚጎርሱ፣ ውስጣቸው የተጠረበ፣ በፋብሪካ የተሠሩ ነበሩ። ባሩዳቸው ግን ያው የቆየው ጥቁር ባሩድ ነው፤ ጨው፣ ከሰልና ድኝ። በመቅደላ አጠገብ፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ የተጋጠሙት ሁለት ጦሮች የሚለኩሱት አንድ ዓይነት ዱቄት ነበር፤ የለያያቸው በዙሪያው ያለው ብረትና ብረቱን ያበጀው የእጅ ሥራ ነው። ከመቅደላ 16 ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ከናይትሮሴሉሎስ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የጦር መንግሥታት ጥቁሩን ባሩድ ከጠመንጃቸው እያወጡ በአዲሱ ተኩት።